ከአዳማ ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚያድር መኪና፦ መስታወቱና በሩ በውርጭ እንዳይያዝ

ናዝሬት ቪትዝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለመድረኩ። መኪናው ቪትዝ ነው፣ መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ አዳማ ፀሐይ ላይ የሚውል። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን ሊያድር ነው። ግቢው ጣሪያ የለውም፤ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት መንቀሳቀስ አለበት። «በሩ ይያዝብሃል፣ መስታወቱንም እንዳትነካው» የሚሉ በዝተዋል። ከአዳማ ሳይወጣ ምን ይሠራለት? በረዶ ከያዘስ በምን ይለቀቃል? የፈላ ውሃ ድፋበት የሚሉም አሉ።

ካቻቢቴ · ከምሽቱ 2:48

የፈላ ውሃውን ከአሁኑ እርሳው። የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ስለሆነና መሃሉ ላይ ላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም አይረግፍም። የጎኑ ግን ነጠላ ነው፤ ከሄደ በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ነው የሚበተነው። የፊቱም ቢሆን በፈጣን መንገዱ ላይ ከከባድ መኪና ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር የነካው ነጥብ ካለው ስንጥቁ ከዚያች ነጥብ ተነስቶ ይሮጣል። አዳማ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉ አጣቢዎች የሚሠሩት ስህተት ይኸው ነው፣ በተገላቢጦሽ። «ለብ ያለስ?» ትል ይሆናል። ለብ ያለውም ወደ ታች ወርዶ የበሩ ጎማ (በሩን ዙሪያውን የሚያሽገው ላስቲክ) ሥር ይገባና እዚያ ይጋገራል። ችግሩን ከመስታወት ወደ በር አዛወርከው እንጂ አልፈታኸውም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚታየው ብልሽት አብዛኛው አዳማ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሄደ ነው። በሩን ከላሜራው ጋር የሚያጣብቀው በጎማውና በቀለሙ መሃል የገባ ውሃ ነው፤ ጤዛም ሊሆን ይችላል፣ የእጥበት ውሃም። ጎማው ለስላሳና የተቀባ ከሆነ ውሃው ላዩ ላይ አይቆይም፣ ቢረጋም በቀላሉ ይላቀቃል። በአዳማ ፀሐይ የደረቀ ጎማ ግን ላዩ በጥቃቅን ስንጥቅ የተሞላ ነው። ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ይገባል፣ አቧራው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ሲረጋ ጎማውን እንደ ሙጫ ላሜራው ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ በሩ በጉልበት ሲጎተት ጎማው ከመያዣው ይነቀላል ወይም ይቀደዳል።

ስለዚህ ከመንገዱ አንድ ሳምንት በፊት፦

በመጀመሪያ አራቱንም በሮችና የኋላውን በር ክፈትና ጎማውን ዙሪያውን በለብታ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና እጠበው። የታችኛውን ጎን አትዝለል፣ ጭቃው ያለው እዚያ ነው። ጎማው የሚያርፍበትን ላሜራም እጠብ፤ ግማሹ ሰው እሱን ይረሳዋል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቀህ በሩን ከፍተህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየው።

ቀጥሎ የበሩን ሥር ተመልከት። ከታች ጠርዙ ላይ ሦስት ወይም አራት የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ። ዝናብም እጥበትም በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ተሠርቶ የመጣው እንደዚያ ነው፤ መውጫው እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው። አዳማ የቆየ መኪና ላይ በአቧራ ተደፍነው ታገኛቸዋለህ። በፋሼታ (የፕላስቲክ ማሰሪያ) ጫፍ ወይም በቀጭን እንጨት ክፈታቸው። ካቻቢቴ አታስገባ (ስሜን አይታችሁ እንዳትስቁ)፣ ቀለሙን ፍቆ ዝገት ያስጀምራል። በሩን ስታወዛውዘው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማህ ተደፍኗል ማለት ነው። ያ ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ይረጋና መስታወቱን ከሥሩ ይይዘዋል።

በመጨረሻ ቅባቱ፦ ሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ነፍተህ ጎማውን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አሽ። በቀጥታ ጎማው ላይ አትንፋ፤ ወንበሩና የፊት መስታወቱ ላይ ከደረሰ ተርጂክሪስታሎው (የመስታወት መጥረጊያው) ሲጠርግ ደመና ይሠራብሃል።

አዋሽ ማዶ · ከምሽቱ 3:05

ይህ ሁሉ ለምን? ግራሶ ቀጭን አድርጎ መቀባት ነው። ካልሆነም ቫዝሊን፣ በየሱቁ አለ።

ላስቲክ ተራ · ከምሽቱ 3:22

ወንድሜ አዋሽ፣ ለሁለት ቀን ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግራሶ፣ ቫዝሊን፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ ሁሉም ከነዳጅ ዘይት ወገን ናቸው። የበር ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ እነዚህን ይጠጣል፤ ያብጣል፣ ይልማል፣ ቅርፁን ያጣል። ያበጠ ጎማ በሩን በደንብ አያስዘጋም፣ ሰው ደግሞ በሩን እያላተመ መዝጋት ይጀምራል። የአዳማ አቧራ ግራሶ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቀዋለህ፤ ያው ብርጭቆ ወረቀት ነው። የዝገት መፍቻ ስፕሬይም ለጎማ አይሆንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ሱቅ ገብታችሁ «ሲሊኮን» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ በቱቦ ያለው የመስታወትና የመታጠቢያ ቤት ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል። እሱን በር ላይ ከቀባችሁ ውርጭ አያስፈልጋችሁም፣ በሩ በራሱ ይያዛል። «ቅባት ነው፣ የሚነፋ፣ ለላስቲክ የሚሆን» በሉ፤ ቆርቆሮው ላይም አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ስፕሬዩ ከጠፋ ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን ጥሩ ምትክ ነው። ጎማ አይጎዳም፣ በውርጭም በቀላሉ አይረጋም። ጉድለቱ በውሃ መታጠቡና የሚያጣብቅ መሆኑ ነው። አዳማ ቀብታችሁት ከወጣችሁ ደብረ ብርሃን እስክትደርሱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለቅሞ ይገባል። ስለዚህ ግሊሰሪን የሚቀባው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ጎማው ተጠርጎ፣ በጣት ነካ ተደርጎ፣ የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ተነስቶ። ለአራት በር 50 ሚሊ ሊትር ይተርፋል። በየሦስትና በየአራት ቀኑ ይደገማል።

ናዝሬት ቪትዝ · ከምሽቱ 3:40

ጋሽ ካቻቢቴ፣ ላስቲክ ተራ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመስታወቱ ማንሻስ? «እንዳትነካው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ባለ 30 አምፔር · ከምሽቱ 4:15

ያሉህ ልክ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

በሩ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ። ሞተሩ ከበሮ ያዞራል፣ ከበሮው ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ገመድ መስታወቱን የያዘውን ፕላስቲክ ሽቅብና ቁልቁል ይጎትታል። ከገመድ ይልቅ እንደ መቀስ የሚታጠፍ ብረት ያላቸውም አሉ፣ እነሱ ይጠነክራሉ። መስታወቱ ላይኛው ጎማ ላይ ወይም ከበሩ ወገብ ላይ ካለው ጎማ ጋር ከረጋ አይነቃነቅም፤ ሞተሩ ግን መጎተቱን ይቀጥላል። ከዚያ ከሦስት አንዱ ነው። ፕላስቲኩ መያዣ ይሰበርና መስታወቱ ዘጭ ብሎ በሩ ውስጥ ይገባል። ወይም ገመዱ ከከበሮው ይዘልና ይተበተባል፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው። ዕድለኛ ከሆንክ ሞተሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ወይም ፊውዙ ቀድሞ ይቆርጣል። መከላከያው ከቆረጠ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትነካው ተወው፣ ይመለሳል። ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ተካ፤ 20 ከሆነ 20፣ 30 ከሆነ 30። ከፍ ያለ ማስገባት ሽቦውን ማቃጠል ነው።

በየበሩ ስዊች ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ አንዴ ለአንድ ሰከንድ ንካ። ካልተንቀሳቀሰ ልቀቅ። ሁለተኛ ሙከራ የለም፣ መኪናው ውስጡ እስኪሞቅ። ሹፌሩ ልማዱ ሆኖ ጠዋት መስታወት ዝቅ አድርጎ ጥበቃውን ሰላም የሚል ከሆነ የሹፌሩን ስዊች በፕላስተር ሸፍንለት። ቀልድ አይደለም። በር ከፍቶ ሰላም ይበል።

አሁን ከአዳማ ሳይወጣ የሚደረገው። ሞተር አስነስተህ እያንዳንዱን መስታወት ከታች እስከ ላይ አንሳና ሰከንድ ቁጠር። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ጤነኛ ነው። 8 ከፈጀ፣ ወይም መጨረሻው ላይ ከዘገየ፣ ወይም ሲወጣ ወደ ጎን ካዘመመ፣ የሚንሸራተትበት ጎማ ደርቋል፤ ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የሚመታው ጎን ይብሳል። መስታወቱን እስከ ታች አውርድ። ጎማው መሃል ያለውን ቦይ በጥርስ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ የሚወጣው ቡናማ ዱቄት ያስደነግጣል። ሲደርቅ የሲሊኮኑን ቀጭን ቱቦ ቦዩ ውስጥ አስገብተህ ከላይ ወደ ታች በሁለቱም ጎን አንዳንድ ጊዜ ንፋ። አራት ጊዜ አንሳና አውርድ። መስታወቱ ላይ የቀረውን ቅባት በአልኮልና በጨርቅ አንሳ። እንደገና ቁጠር። ካልተሻሻለ ማንሻው ራሱ እየደከመ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚሰበር አዳማ ላይ ቢቀየር ይሻላል።

አንድ ነገር ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይበላሻል። የበሩ የውስጥ ክዳን ሲወልቅ ከጀርባው ላሜራው ላይ የተለጠፈ ናይለን አለ። ለማንሻ ሥራ ይቀደድና «አያስፈልግም» ተብሎ ይጣላል። ያ ናይለን በሩ ውስጥ የሚገባውን ውሃ ወደ ቀዳዳዎቹ የሚመልሰው ነው። ከሌለ ውሃው በክዳኑ በኩል ወደ ምንጣፉ ይወርዳል፣ እርጥበቱ ሌሊት በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ይረጋል። ጠዋት ከውጭ ፍቀህ ጨርሰህ አሁንም ካልታየህ ውርጩ ከውስጥ ነው ማለት ነው። ክዳኑ አንዴ ተፈትቶ የሚያውቅ ከሆነ ናይለኑ መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለ ጠንካራ ፕላስቲክ በልኩ ቆርጦ ዙሪያውን በማጣበቂያ መለጠፍ ነው፣ የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ገብቶ።

ጠባሴ · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:30

ደብረ ብርሃን ነኝ። አንድ ስህተት ገና ከጅምሩ ላርም፦ «አየሩ ከዜሮ በታች ካልወረደ አይረጋም» እንዳትሉ። ከተማው 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ከአዳማ በ1,100 ሜትር ከፍ ይላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ሲጠፋ ላሜራና መስታወት ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይሰጣሉ። አየሩ 2 እና 3 ዲግሪ እያለ መስታወቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ውርጭ ይለብሳል። ደመና ያለበት ሌሊት ይህ የለም። ስለዚህ ማታ ሰማዩን እዩ፤ ኮከብ ከበዛ ሸፍኑ።

መሸፈኛው ከሰማዩ የሚጋርድ ነገር ነው፣ ወፍራም መሆን የለበትም። ፕላስቲክ ሸራ፣ የተከፈተ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ደረቅ ካርቶን ይሆናል። ጋቢና ብርድ ልብስ አይሁን፦ ጤዛ ይጠጣል፣ ይረጋል፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ጣውላ ይነሳል። ከፊት መስታወቱ ላይ ዘርግታችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ አስገብታችሁ የፊት በሮቹን ዝጉበት። ለበሩ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ ፌስታል ቆርጣችሁ በጎማውና በላሜራው መሃል አድርጋችሁ ዝጉ፣ ቢያንስ ከላይኛው ጠርዝና በእጀታው በኩል። ፕላስቲክ መሃል ከገባ የሚጣበቅ ነገር የለም።

ተርጂክሪስታሎው ከመስታወቱ ተነስቶ ይደር፤ የማይነሳ ከሆነ ከሥሩ ፌስታል። ከሁሉም በላይ ማታ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት የተርጂክሪስታሎው ስዊች መዘጋቱን እዩ። ክፍት ከቀረ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር የተጣበቀውን ላስቲክ ይገነጥላል፣ ወይም የተርጂክሪስታሎውን ሞተር ያቃጥላል።

ከመቆለፋችሁ በፊት ሁሉንም በር ሁለት ደቂቃ ክፈቱት። ውስጥ የተጠራቀመው የትንፋሽ እርጥበት ይውጣ፣ ሙቀቱም ከውጭው ይስተካከል። እርጥብ ምንጣፍ መኪና ውስጥ አይደር።

ጠዋት። መጀመሪያ በሩን አትጎትቱ፣ ግፉት። በመዳፍ ወይም በዳሌ፣ ከእጀታው አጠገብ ጀምራችሁ ዙሪያውን ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑ፤ በረዶው «ቅጭጭ» ሲል ይሰማል። ከዚያ እጀታውን በቀስታ። የፕላስቲክ እጀታ በብርድ ደረቅ ይሆናል፣ በአንድ መንጨቅ ይሰበራል። እምቢ ካለ ወደ ሌላው በር ሂዱ፤ ግድግዳ ጥግ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የኋላውም በር ቢሆን አንዱ ከተከፈተ ግቡና ሞተር አስነሱ፣ ሌሎቹ ሲሞቁ ይለቃሉ።

ለመስታወቱ 70 ፐርሰንት አልኮል በመርጫ ጠርሙስ፣ ውሃ ሳይጨመር። ከላይ ወደ ታች ርጩ፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ በፕላስቲክ ማስመሪያ ጥረጉ። ብረትና ቢላ አይነካም። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፤ አልኮል ሲተን መስታወቱን ያቀዘቅዛል፣ የቀረው እርጥበት ተመልሶ ስስ ውርጭ ይሠራል። የኋላውን መስታወት ከውስጥ አትፋቁ፣ የማሞቂያው መስመሮች ይበጠሳሉ፣ በማሞቂያው ይቅለጥ። ሲጋራ በዙሪያው አይኑር።

ማሞቂያውን ከዝቅተኛ ጀምሩ፣ አየሩ ወደ ፊት መስታወት፣ ከውጭ አየር የሚስበው ቦታ ላይ። የውስጡን አየር እያዞራችሁ ከሆነ ጉሙ አይለቅም።

አዋሽ ማዶ · ረቡዕ ከጠዋቱ 4:02

እህቴ ጠባሴ፣ አልኮሉ ካለቀ የአርሲ ነገሌ አረቄስ? 🙂

ጠባሴ · ረቡዕ ከጠዋቱ 4:20

ይሠራል፤ ደካማ ነው፣ ብዙ ይፈጃል። ትራፊክ ሲያስቆምህ መኪናው ለምን እንደሚሸት የምታስረዳው ግን አንተው ነህ።

የመስታወት ውሃ መርጫውን ገንዳ ረስቼ ነበር። ከአዳማ የመጣ መኪና ውስጡ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ይረጋል፣ ቱቦውን ይሰነጥቃል፣ ፓምፑን ያቃጥላል። ባዶ አድርጉትና 1 ሊትር የ70 ፐርሰንት አልኮል ከ1 ሊትር ተኩል ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት። 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢሆን አይረጋም። ከዚያ የአልኮል ሽታ እስኪመጣ መስታወቱ ላይ ርጩ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው አሮጌው ውሃ ካልወጣ ሥራው ከንቱ ነው። ኦሞ አትጨምሩ።

ንፋስ ኃይል · ረቡዕ ከቀኑ 7:15

ሁሉም ስለ ጎማ አወራ፣ ስለ በሩ ራሱ ማንም አላነሳም። አዳማ ዙሪያ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋስ ከኋላ እየመጣ በር ሲከፈት ከእጅ ይነጥቀዋል፤ የበሩ ማገጃ ይታጠፋል፣ ማጠፊያው ይላላል። በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ጥጉ ላይ ግን ጎማውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አይጫነውም። በዚያ ክፍተት ጤዛ ይገባል።

መፈተኛው ባለ 10 ብር ኖት ነው። ጎማው ላይ አስቀምጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ሳቡ። ሳይቀደድ ግን እየተጎተተ ከወጣ ደህና ነው። ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ከወጣ እዚያ ቦታ በሩ አልተቀመጠም። በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ድገሙ። ክፍተቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ማጠፊያው ነው፤ በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ ስታነሱት ከተንቀሳቀሰ ፒኑ አልቋል። ጎማ መቀየር አያድነውም።

አዳማ ላይ ስትቆሙ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይሁን፤ በሩ ከፊት ስለሚታጠፍ ነፋሱ ይዘጋዋል እንጂ አይነጥቀውም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ፀሐይ ከወጣ በኋላ የምትነሱ ከሆነ የፊት መስታወቱ ወደ ምሥራቅ ይዙር፣ የጠዋት ፀሐይ ነፃ ሠራተኛ ነው።

ዶልፊን · ረቡዕ ከምሽቱ 1:30

ለሚኒባስ ተንሸራታች በርስ? በየጠዋቱ ተሳፋሪ በእግሩ እየረገጠ ነው የሚከፍተው።

ካቻቢቴ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:55

የታችኛው ሐዲድ ነው ጉዳዩ። አቧራና ውሃ ተቀላቅሎ እዚያ ይተኛል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ጎማ መንኮራኩሩን ይይዛል። ማታ ሥራ ሲያበቃ በሩን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ሐዲዱን በብሩሽ ጠርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ቅባቱ ስስ ሲሊኮን ይሁን። ግራሶ የሚገባው የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሐዲዱ ላይ አይደለም። በእግር የሚረገጥ በር ላይኛው ክንዱ ይታጠፋል፤ ከዚያ በበጋም አይዘጋም። በረዳቱ በኩል ከውስጥ ይከፈት።

ለቪትዙም አንድ ነገር፦ ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ካለ ይህ ሁሉ የመስታወት ወሬ ትንሽ ነገር ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይሞላ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ። የእጅ ፍሬኑም እርጥብ ሆኖ ከተሳበ ሊያዝ ስለሚችል ማርሽ ላይ አቁመው ድንጋይ ያስደግፉት፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ።

ናዝሬት ቪትዝ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:20

የመጨረሻ ጥያቄ። ይህ ሁሉ ተደርጎም መስታወቱ በሩ ውስጥ ከወደቀ፣ ሌሊት ከሆነ፣ ጋራዥ ከሌለስ?

ባለ 30 አምፔር · ረቡዕ ከምሽቱ 2:41

ስዊቹን መንካት ይቁም፣ ገመዱ የባሰ ይተበተባል። ጫፉ ከበሩ ወገብ በላይ ከታየ ሁለት ሰው በሁለቱም ጎን መዳፉን ዘርግቶ መስታወቱን እያጠበቀ ወደ ላይ ያንሸራት፣ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ። ጓንት ይደረግ። ላይ ሲደርስ ሰፊ ፕላስተር ከውጭ ገጽ ጀምሮ በበሩ ክፈፍ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ገጽ ይለጠፍ፣ ሦስት ቦታ። ፕላስተሩ እርጥብ መስታወት ላይ አይይዝም፣ በአልኮሉ ጠርገው ያድርቁት። በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋል፣ እስኪሠራ ድረስም በዚያ በር አይወጣም አይገባም። ጫፉ ካልታየ ፕላስቲክ ሸራ መለጠፍ ብቻ ነው፤ በካቻቢቴ ከላይ መቆስቆስ መስታወቱን ይሰብረዋል።

ማንሻው ሲቀየር ባትሪ ተነቅሎ ከነበረ በአንድ ንክኪ የሚወጣው መስታወት ሥራውን ይረሳል። እስከ ላይ አድርሰህ ስዊቹን ለጥቂት ሰከንድ ሳትለቅ ያዘው፣ ይመለሳል። በየበሩ ለየብቻ።